ዲፓርትመንት ሲመረጥ ወላጅ የት ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ የማትሪክ ውጤት የወጣ ሰሞን የትም ብትገቡ ወሬው ያው ነው። ዕድር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሳቢያን ገበያ፣ የማን ልጅ ስንት አመጣ፣ ከዚያ ደግሞ የት ደረሰው። ሐረማያ የደረሰው ልጅ እናት ደስ ብሏት ጎረቤቱን ቡና ትጠራለች። ሩቅ የደረሰው ልጅ እናት ሻንጣውን እየገዛች ታለቅሳለች። ከዚያ ልጁ ይሸኛል፣ ወሬው ይበርዳል፣ ወላጅም "ተመስገን፣ አስገባሁት" ብሎ ያርፋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ወላጅ ማረፍ የሌለበት ልክ ያን ጊዜ ነው። የልጁን ሥራና ኑሮ በብዛት የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ ነው፣ ዲፓርትመንቱ። እሱ ደግሞ የሚመረጠው ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላ፣ እኛ በሌለንበት፣ ብዙ ጊዜም በጥድፊያ ነው። ምክራችንን ሁሉ አሟጠን የምንጨርሰው ግን ክረምት ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ላይ ስንከራከር ነው።

የእህቴ ልጅ ማትሪክ ያለፈ ዓመት ቤታቸው ክረምቱን ሙሉ ክርክር ነበር። አባቱ ቅርብ ይሁን ይላል። እናቱ ከተማ ይሁን ትላለች። ካናዳ ያለው አጎቱ ማታ ማታ እየደወለ "አዲስ አበባ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው" ይላል። ልጁ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በመጨረሻ ምርጫው ተሞላ፣ ምደባው ወጣ፣ ከዝርዝሩ ታች ላይ የጻፉት ደረሰው። ሄደ። በዓመቱ አንድ ማታ እናቱ ጋ ደወለ፤ "እማ፣ ዲፓርትመንት ነገ ይዘጋል፣ ምን ልሙላ?" እናቱ ደነገጠች። አባቱ ስልኩን ተቀብሎ "አንተ ደስ ያለህን" አለው። ያ ሁሉ ክረምት ሲከራከር የከረመ ቤተሰብ፣ ዋናው ጥያቄ ሲመጣ የሚለው ቃል አጣ። ልጁም ዶርም አብረውት ያሉት ልጆች የሞሉትን ሞላ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። ትምህርቱን አልጠላውም፣ ደህና ይማራል፣ ግን ሲመረቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ዛሬም ሰው እየጠየቀ ነው።

እህቴን አልወቅሳትም። እንዴት እንደሚሠራ የነገራት የለም። እኛ የተማርንበት ጊዜ ሌላ ነበር፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አልገባንም። ስለዚህ ሰው ጠይቄ የተረዳሁትን እዚህ ልጻፈው።

አሁን ባለው አሠራር ልጁ በትምህርት ሚኒስቴር ሲስተም ላይ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል። ሚኒስቴሩ ይመድበዋል። እዚያ ሲደርስ ግን ኢንጂነር ወይም አካውንታንት ሆኖ አይጀምርም፣ ፍሬሽማን ይሆናል፣ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተማሪ ማለት ነው። ፍሬሽ ላይ ሎጂክ አለ፣ ሳይኮሎጂ አለ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ማት። ከዚያ በኋላ ነው ዲፓርትመንት የሚደለደለው፣ ድልድሉ ደግሞ ውድድር ነው። መስፈርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፣ በአብዛኛው ግን የፍሬሽ ጂፒኤ (አማካይ ውጤቱ) ትልቁን ቦታ ይይዛል፣ የማትሪክ ነጥብም ይታያል። ሁሉም የሚፈልገው ዲፓርትመንት ቶሎ ይሞላል። ጂፒኤው ዝቅ ያለ ልጅ አራተኛና አምስተኛ ብሎ የጻፈው ሊደርሰው ይችላል። ያንን አራተኛና አምስተኛ ደግሞ ማንም አስቦበት አይጽፈውም፣ ቦታውን ለመሙላት ነው የሚጻፈው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ጂፒኤ የሚሠራው ልጁ በሕይወቱ ከባድ በሚለው ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጥቷል፣ ዶርም ውስጥ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ነው፣ የካፌው ምግብ አልተስማማውም፣ ጠዋት "ተነስ" የሚለው የለም። ሎጂክ የሚባል ትምህርት ሃይስኩል ላይ አይቶት አያውቅም። አንደኛ ደረጃ ሲወጣ የነበረ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም እንደሱ አንደኛ የነበረ ሲሆንበት ግራ ይገባዋል። ይህን ወቅት እኛ ወላጆች በ"በልተሃል ወይ?" እና በ"ብር አለህ ወይ?" ብቻ እናሳልፈዋለን። ሁለቱም ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው፣ ይጠየቁ። ግን ፈተናው መቼ ነው፣ የቱ ኮርስ ከበደህ፣ የሚያስረዳህ ሲኒየር አገኘህ ወይ የሚሉትም ይጨመሩ። ሴሚስተሩ መሃል ላይ ሠርግ አለ ብሎ ልጅ መጥራትም ይቅር። የአክስት ልጅ ሠርግ ትልቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፣ እኛ ድሬ ሠርግ ቀልድ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፣ ነገር ግን ሚድ ኤግዛም ሳምንት መጥቶ የተመለሰ ልጅ የሚከፍለው በዲፓርትመንቱ ነው።

ቅርብ መማርም እንደምናስበው ሁልጊዜ አይረዳም። ሐረማያ ከእኛም ከሐረርም ሰው ተሳፍሮ ደርሶ የሚመለስበት ነው። ዓርብ ከሰዓት ተሳፍሮ ቤቱ የሚመጣ፣ እሑድ ማታ የሚመለስ ልጅ አውቃለሁ። እናቱ ደስ ይላታል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ግን ጓደኞቹ ላይብረሪ የሚያሳልፉት ቅዳሜ እሱ ዘንድ የለም።

ሐረማያን ካነሳሁ ላይቀር፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ሆኖ ስለሱ የምናውቀው ትንሽ መሆኑ ያሳዝነኛል። ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር በ1940ዎቹ የተመሠረተ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፣ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ዛሬ በአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት 8 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። በእርሻና በእንስሳት ዘርፍ የቆየ ስም አለው። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ደግሞ የሕክምናና የጤና ተማሪዎቹ ዋናው ግቢ ውስጥ እንደማይማሩ ነው። የጤና ኮሌጁ ሐረር ከተማ ነው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚለማመዱትም እነሱ ናቸው። ጁገል አጠገብ ያደገ ልጅ ሕክምና ቢደርሰው ከቤቱ እየተመላለሰ ሊማር ነው ማለት ይቻላል። የኛው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፣ ወጣት ነው። "የቤታችን ስለሆነ አይመረጥም" የሚል አመለካከት ሲሰማ ግን ይከነክነኛል። የሚፈልገው ዲፓርትመንት እዚያ ካለ፣ መምህራኑም ካሉ፣ ለምን አይመረጥም?

ርቀትን በተመለከተ የወላጅ ፍርሃት ይገባኛል። ያለፉት ዓመታት የመንገድ ዜና እንቅልፍ የሚነሳ ነበር፣ ልጁን በአውቶቡስ ሁለት ቀን መንገድ የሚልክ ወላጅ ስለ ጂፒኤ ከማሰቡ በፊት ስለ ነፍሱ ያስባል። ይህንን ማንም "ኋላቀር ፍርሃት" ሊለው አይገባም። ለኛ ለድሬዎች አንድ የሚያግዝ ነገር ባቡሩ ነው። በ2010 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በአዳማ በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ አዳማና አዲስ አበባ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ለሚያስብ ቤተሰብ መንገዱ ሌላ አማራጭ አለው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ግን የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። ማትሪክ ማለፉ ብቻ አይበቃም፣ ማመልከቻው እንዳያልፍ ቀድሞ መከታተል የወላጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ብርዱም አይረሳ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ነው። በቀጭን ሸሚዝ ያደገ ልጅ ጋቢና ወፍራም ሹራብ ሳይዝ እንዳይሄድ።

ዲፓርትመንት ከመምረጥ በፊት ሌላ ምርጫም አለ፣ እሱ እንዲያውም በአንድ ቀን ያልፋል። ናቹራል ወይስ ሶሻል። ልጁ ገና 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። እኛ ጋ ያለው ሕግ "ጎበዝ ከሆነ ናቹራል" ነው፣ ሰነፍ ነው የተባለ ወደ ሶሻል ይገፋል። በዚህ የተነሳ ታሪክና ጂኦግራፊ ሲያወራ ዓይኑ የሚበራ ልጅ ፊዚክስ ላይ ሁለት ዓመት ይታሻል። በተቃራኒው ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ ጓደኞቿን ተከትላ ሶሻል ከገባች ያ በር ተዘጋ፣ ከሶሻል ሕክምናም ምህንድስናም አይገባም። ወላጅ ስለ ዩኒቨርሲቲ መጨነቅ ያለበት 12ኛ ክፍል ሲያልቅ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ 10ኛ ክፍል ላይ ይጀምር።

ለምን አንጀምርም? ፈርተን ይመስለኛል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ 3.2 በመቶ። ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ይህንን ቁጥር የሰማ ወላጅ "መጀመሪያ ይለፍ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ" ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ልጄን ሳያት፣ ምን ለመሆን እንደምታጠና ስታውቅ ነው የምታጠናው። "ዝም ብለሽ እለፊ" ስትባል መጽሐፉን ትይዝና ስልኳን ታያለች።

ልጄ ፋርማሲ ትላለች። ከየት አመጣችው ብዬ ስጠይቃት ንጹሕ ሥራ ነው፣ ነጭ ጋወን ነው አለችኝ። አልተቃወምኳትም። ሰፈራችን ፋርማሲ የምትሠራ ሴት አለች፣ እሷ ጋ ይዣት ሄድኩ። "እትዬ፣ ልጄ ያንቺን ሙያ ትፈልጋለች፣ ያለውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያት" አልኳት። እሷም ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት፣ ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠች ነገረቻት። አምስት ዓመት ነው አለቻት። ኬሚስትሪ ካልወደድሽ አትሞክሪው። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ አለ፣ ያላዘዘውን መድኃኒት አምጪ ብሎ የሚጮህ ሰው አለ፣ ትንሽ ከተሳሳትሽ ሰው ይጎዳል። ደመወዙንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ከዚያ "ግን አንድ እናት ልጇ ድኖላት ተመልሳ ስትመርቀኝ ድካሜን እረሳዋለሁ" አለች። ልጄ ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ አላወራችም። ማታ መጥታ "እማ፣ አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ግን ካልደረሰኝ ላብራቶሪም ማየት አለብኝ" አለችኝ። ያች ሴት በአንድ ከሰዓት የሰጠቻትን እኔ በዓመት ምክር አልሰጣትም ነበር።

ድሬ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት፣ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው። ሎጂስቲክስ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ልጅ ባቡር ጣቢያውና ጉምሩክ የሚሠራ ሰው ዘመዱ ባይሆን የጎረቤቱ ዘመድ ነው። በ2014 ነጻ የንግድ ቀጠና የተከፈተው እዚሁ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ኬሚካል ኢንጂነር ውሎው ምን እንደሚመስል፣ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር ምን እንደሚሠራ ከፋብሪካ ሠራተኛ አፍ መስማት ይቻላል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀላጠፈ ያደገ የድሬ ልጅ ደግሞ በጋዜጠኝነት፣ በሕግ፣ በንግድ ሥራ ትልቅ ሀብት ይዞ ነው የሚገባው፣ ይህንን የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ንግድ ካልኩ፣ የኛን ከተማ ከባድ ጥያቄ ማለፍ አልችልም። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ውስጥ ሱቅ ያለው የ22 ዓመት ልጅ ከሐኪም የበለጠ ያገኛል። ልጆቻችን ይህን በዓይናቸው ያያሉ። "አቦ፣ ተምሬ ምን ልሁን?" ሲሉ የተበላሹ መስሎን እንቆጣለን። ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው፣ መልስ ይፈልጋል። እኔ የምመልሰው፣ ንግድም ከሆነ የምትፈልጊው ይሁን፣ ግን አካውንቲንግና የጉምሩክ ሕግ የምታውቅ ነጋዴ ሁኚ ነው። ነጋዴ ዘመዶቻችን ሁሉ ሒሳባቸውን የሚያሠሩት ለሌላ ሰው ከፍለው ነው። ደግሞም ቁርጡን ለመናገር፣ ሱቅ ያለው አባት ልጁን "ወይ ትምህርት ወይ ሱቅ" ማለት የለበትም፣ ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ሱቁን ሊያሰፋው ይችላል።

50 ያላመጣ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ሲያነቡ እንዲከፋቸው አልፈልግም። የተቀመጠውን ነጥብ ላገኙ ሪሚዲያል፣ የማካካሻ ትምህርት፣ አለ፣ እሱን አልፎ ፍሬሽ የገባ ልጅ እንደማንኛውም ተማሪ ነው። ፖሊ ቴክኒክም አለ፣ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ድሬ ላይ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

የግል ኮሌጅ የሚያስቡ ግን አንድ ነገር ሳይጠይቁ ብር እንዳይከፍሉ እለምናለሁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። በትምህርት ዓይነት፣ በደረጃ፣ በካምፓስ ተለይቶ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ በአካውንቲንግ ዲግሪ ዕውቅና ስላለው እዚህ ያለው ቅርንጫፍ በፋርማሲ አለው ማለት አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ እዚህ ከተማ አንድ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ ነው የያዘችው ትምህርት ፈቃድ እንደሌለው የታወቀው። አባቷ የከፈለው የጡረታ ብሩን ነበር። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዝርዝሩን ያወጣል፣ ቢሮ ሄዶም መጠየቅ ይቻላል። ኤክዚት ኤግዛሙም፣ የመውጫ ፈተናው፣ አለ። ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ 50 ከመቶ ሳያመጣ ዲግሪ አያገኝም፣ በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ተፈትነው ያለፉት ደግሞ ከአምስት አንድ አልሞሉም። ስለዚህ ኮሌጁ በር ላይ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት፣ እኛ ልንማር በመጣንበት ትምህርት ካለፈው ዓመት ተማሪዎቻችሁ ስንቱ ኤክዚት አለፈ በሉ። መልስ ካልሰጡ ወደ ቤት ተመለሱ።

ስለ ብር ከልጅ ጋር ማውራት እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። ልጁ ግን ማወቅ አለበት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ነጻ አይደለም፣ ኮስት ሼሪንግ ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ሕክምና ከስድስት ዓመት በላይ ነው፣ ሕግና ምህንድስና አምስት ዓመት። በየወሩ የኪስ የሚልክ ቤት አምስት ዓመት መቻሉን ለልጁ ቢናገር ልጁ አይጎዳም። እኔና ባለቤቴ ለልጃችን ወር ላይ የምንችለውን ቁጥሩን ነገርናት። ሰማች፣ አላዘነችም። "በዚህ ነን ካፌ፣ በራሴ መብላት፣ አይቻልም፣ የግቢውን ካፌ እጠቀማለሁ" አለች፣ ራሷ አስባ።

ዘንድሮ 12ኛ ናት። የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ሲመጣ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንሞላለን፣ እሷ ትጽፋለች። የተስማማነው ዋናው ነገር ግን ስለሚቀጥለው ዓመት ነው። ፍሬሽ ገብታ የዲፓርትመንት ዝርዝሩና የቅበላው ቁጥር እንደወጣ በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ትልክልናለች፣ ሳይዘጋ፣ ቀን እያለ። እኛ ደግሞ እዚህ ሆነን የማታውቀውን ስም ሁሉ ከሚሠሩበት ሰዎች እንጠይቅላታለን። አባቷ ፋብሪካውንና ባቡሩን ወስዷል፣ እኔ ሆስፒታሉን፣ ሐረር ሕይወት ፋና የምትሠራ የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። አራተኛና አምስተኛ የምትጽፋቸውም ላይ እንደ አንደኛዋ ሁሉ እናወራለን።